የጨለማው ዜማ

ዋና ሳጅን አማከለች በአያ ማረው ላይ የያዘችው ቂም ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ ነበረች፤ ወተት ልትሸጥ ከፎገራ ሜዳ ወረታ ወጥታ፣ ቅሏን እንዳንጠለጠለች እሳቸው ቪዲዮ ቤት ገባች። ፊልሙ በሠሪዎቹ አገር ሽልማቱን ሁሉ የጠራረገ፣ ሰዎቹ ከማውራት ይልቅ መዝፈን የሚቀናቸው የድሮ ፊልም ነው። አንዲት ልብስ አጣቢ በዝናብ ውስጥ እየዘፈነች የጠፋ እጮኛዋን ትፈልጋለች። አያ ማረው ከጎን ቆመው በአማርኛ ይተርካሉ። አንድ ዘፈን ሲቀር ማሽኑን አቁመው መብራት አበሩ።

«ይህች የማን ልጅ ናት? ወተቷ ይረጋል፣ እሷ ዘፈን ታያለች!»

ክንዷን ይዘው አስወጧት። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጃፍ ረግጣው አታውቅም። ልብስ አጣቢዋ እጮኛዋን ታግኝ አታግኝ አላወቀችም።

በዛሬው እሑድ ግን ሥራዋ አስገባት። አያ ማረው ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በሩዝ እብቅ ላይ በደረታቸው ተደፍተው ሞተዋል። ማጅራታቸውን የመታው ዘነዘና አጠገባቸው ወድቋል። ዝናቡ አላባራም፤ የርብ ውኃ ሜዳውን ውጦ ወደ ከተማው ይሳባል።

ዘነዘናው ማሽኑን የምታሠራው የይርገዱ ነው። ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። ወጣቱ ፖሊስ በላይነህ ሌላ አልፈለገም፤ እጇን አስሮ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዳትን መኪና ይጠብቃል።

«መኪናው መቼ ይደርሳል?» አለች አማከለች።

«ዐሥራ አንድ ሰዓት።»

«እንግዲያ አንድ ሰዓት አለኝ።»

ይርገዱ ቀና አለች። «እታለም፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከእኔ ሌላ ማንም የላቸው።»

«ማልቀሱን ተይና ከሥሩ ንገሪኝ።»

«አያ ማረው ዛሬ ዘመዶቻቸውን ጠሩ። ‹የልብስ አጣቢዋን ፊልም ሳልቆራርጥ፣ ሠሪዎቹ እንደ ሠሩት አያለሁ። ይህ ቤት ደግሞ ሩዝ መፈልፈያ አይሆንም፤ ለይርገዱ ሰጥቻለሁ› አሉ። የወንድማቸው ልጅ ዘመነ ፊቱ ጠቆረ፤ ቤቱን ለሩዝ መፈልፈያ ለነጋዴው ለአዛናው ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ደረጃው ላይ የሚጨፍሩበት ሲጀመር አያ ማረው የድሮውን ፖስተር ላምጣ ብለው በጓሮ ወጡ። አልተመለሱም።»

«አንች ከማሽኑ ተነሥተሻል?»

«አልተነሣሁም። ግን ማን ይመሰክርልኛል? ሁሉም ፊታቸው ወደ ፊት ነው።»

አማከለች ፊልሙን ሲያዩ የነበሩትን ሦስቱን ለየብቻ ጠየቀች። የሟች እኅት እማማ ጽጌሬዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«ንቅንቅ አላልሁም። መሐል ላይ ድርግም አለብን፤ ዜማው ብቻ ቀረ። ሙሾ መሰለኝ። ልቤ ነግሮኝ ኖሯል!»

አዛናው ግንባሩ አብጧል።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«እኔ ተኝቸ ነበር ሳጅን። ሰው እየዘፈነ ገበያ የሚሄድበትን ፊልም ምን ላድርገው? ዓይኔን ስገልጥ ድቅድቅ ጨለማ! ታወርሁ ብዬ ግድግዳ ስዳብስ ገጨሁት።»

ሳቋን በግድ ዋጠች። ዘመነ ከኋላ ወንበር ብቻውን ነበር።

«ከቦታህ ተነሥተሃል?»

«አልተነሣሁም። ይህን ፊልም እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዘፈን በዘፈን ልንገርሽ?»

«እስቲ ከደረጃው ጭፈራ በኋላ ምን መጣ?»

«ሠርጉ ነዋ! ሙሽራው በነጭ ፈረስ ከተፍ ይላል።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

ጫማውን አየች። በጭቃው ላይ ቢጫ እብቅ ተጣብቋል።

«መጋዘን ገብተህ ታውቃለህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልረገጥሁትም።»

አማከለች ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበች። የይርገዱን እጅ አስፈታች። «ከደረጃው ጭፈራ ጀምሪልኝ» አለች።

ጭፈራው ደመቀ፤ የጨፋሪዎቹ እግር እንደ በረዶ ደረጃውን ደበደበው። ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ። በተዘጋው አዳራሽ ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም፤ ዜማው ብቻ ቀረ፣ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብም። አማከለች በጨለማው ውስጥ ተናገረች።

«ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ይህን፣ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያጨለሙትን ነው። ልጅ ሆኜ ስሰማው ክረምት የዋጠው ሜዳችን ታይቶኛል፤ ላሞች በውኃ መሐል ሲዋኙ። ሌላው ሰው ግን ተበላሸ ብሎ አፏጨ። ይርገዱ፣ ከዚያ በኋላ አያ ማረው ይህን ያሳዩ ነበር?»

«ሁልጊዜ ያዘልሉኛል። ያልዘለልነው ዛሬ ብቻ ነው።»

«ለእማማ ጽጌሬዳ ሙሾ መስሏቸዋል፤ አዛናው ግድግዳ ገጭቷል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ግን ጨለማውን አላየውም። ጭፈራው ሲጮኽ አጎቱን ተከትሎ ወጣ። ሲመለስ ሠርጉ ደርሷል። በልጅነቱ ከጭፈራው ቀጥሎ ሠርግ ነበርና፣ በመሐሉ የቀረበት ነገር ያለ አልመሰለውም። ስድስት ደቂቃ ጨለማ፣ ዘመነ! የት ነበርህ?»

በዳበሳ ወደ ኋላው ወንበር ተጠጋች።

«ጫማህ ላይ ያለው እብቅ ደግሞ መጋዘን እንጂ አዳራሽ ውስጥ የለም። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ከፋሲካ የቀረ ጭቃ እንዲህ አይረጥብም።»

ድንገት ስክሪኑ በራ። የነጩ ፈረስ ብርሃን የዘመነ ፊት ላይ ወደቀ፤ በላብ ርሷል።

«እኔ ነበርሁ ልጃቸው!» ብሎ ጮኸ። «እኔን ትተው ለማሽን ነካኪ! ለምኛቸው ነበር… ጀርባቸውን ሰጡኝ!»

እማማ ጽጌሬዳ ደረታቸውን መቱ። መኪናው ሲደርስ በላይነህ ካቴናውን በዘመነ እጅ ላይ አጠለቀ። ውኃው የአዳራሹ ደረጃ ሥር ደርሶ ነበር።

ሁሉም ከሄደ በኋላ አማከለች ቆቧን አውልቃ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተጎተተችበት ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠች።

«የመጨረሻውን ዘፈን ክፈችልኝ።»

ልብስ አጣቢዋ እጮኛዋን አላገኘችም። ባዶ ቅርጫቷን ተሸክማ፣ በዝናቡ እየተመታች ዘፈነች፤ በዚያው ሄደች። ስክሪኑ ጨለመ፣ ዜማው ግን አላቆመም። ይርገዱ ልታጠፋው እጇን ሰደደች።

«ተይው» አለች አማከለች፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አላለቀም።»