በሰው ስም የገባ ሥራ

የሰሊጥ አረም ሲደርስ በቆላዋ ሸሕዲ ከተማ መናኸሪያ መቆሚያ ይጠፋል። ከደጋ የወረደው ሠራተኛ አሠሪ ፍለጋ በየበረንዳው ይውላል፤ ገበሬው ደግሞ ሰው አጣሁ እያለ ማሳው በአረም ይዋጣል። ሁለቱን በስልክ ለማገናኘት የተነሡት እስከዳርና የኮሌጅ ጓደኛዋ ባየልኝ ነበሩ።

ሥራውን ተከፋፈሉት። እሱ የስልኩን መተግበሪያ ያዘ፤ እሷ ከኋላ ሆኖ ጥያቄ የሚቀበለውንና መልስ የሚመልሰውን ሰርቨር። ሁለቱን ሥራዎች፣ ባለሙያዎች «ሞኖሬፖ» በሚሉት አንድ የጋራ የኮድ ማኅደር ውስጥ፣ ለየብቻ ክፍል ከፍተው አኖሯቸው። ለሁለቱም የሚያገለግለውን ኮድ በሦስተኛ ክፍል አደረጉት፤ እዚያ አንዴ ከተቃና ለሁሉም ይቃናል። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው።

ችግሩ ኮምፒውተሩ አንድ፣ እሱም የባየልኝ መሆኑ ነው። ወደ ማኅደሩ ኮድ በገባ ቁጥር የአስገቢው ስም አብሮ ስለሚመዘገብ፣ እስከዳር የሠራችው ሁሉ በእሱ ስም ይገባ ነበር። አንድ ቀን በራሷ ስም እንዲሆን ብትጠይቀው ሳቀባት።

«በእኔና በአንቺ መካከል ደግሞ የምን ስም ነው? ወንፈል አይደል እንዴ? ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንቺ።»

ወንፈል ሲላት አፈረች። አባቷ የሰው ማሳ አርሞ፣ ተራው ሲደርስ የእሱም ሲታረምለት እያየች ነው ያደገችው። እኛም እንዲሁ ነን፤ የራሳችንን መጠየቅ ወዳጅን መጠርጠር ይመስለንና ዝም እንላለን።

አጨዳው ሳይገባ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሥራውን ወደደው። ሰርቨሩን ለሠራው ሰው ቋሚ ሥራ እንደሚሰጥም ነገራቸው። እስከዳር ያን ሥራ አጥብቃ ትፈልገው ነበር። ኃላፊው አቶ አንዱአምላክ የሠራው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ግን ባየልኝ ቀደማት።

«እኔ ነኝ። እሷ በመተየብ አግዛኛለች።»

ጆሮዋን አላመነችም። የለም፣ የእኔ ሥራ ነው ብትልም አቶ አንዱአምላክ ማኅደሩን አስከፍተው ሲያዩ ከላይ እስከ ታች የባየልኝ ስም ብቻ ነው። አዘኑላት፤ ሆኖም ከሚያዩት ውጭ ሊፈርዱ እንደማይችሉ ነገሯት።

ውጭ ስትደርስበት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ወንፈሉስ?»

«ወንፈል እኮ ማሳ ላለው ነው» አላትና ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ከሥራው ይልቅ ይህች ቃል አንገበገበቻት። ያመነችው ሰው ለካ ከመጀመሪያውም እንደ ቀን ሠራተኛ ነበር የሚያያት። ለብዙ ጊዜ ኮድ ማየት አስጠላት።

በዓመቱ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘችና ሷሊህ የተባለ የከተማው ነጋዴ ልጅ ከሆነችው ከረፊቃ ጋር የጭነት መኪና ማፈላለጊያ መተግበሪያ መሥራት ጀመረች። በአዲሱ ማኅደር ውስጥ የሰርቨሩን ክፍል ከፍተው፣ ረፊቃ የጻፈችው የመጀመሪያ ኮድ ሊገባ ሆነ። እስከዳር የራሷን ስም እንድታስገባ ስትነግራት ረፊቃ ሳቀች።

«ኮምፒውተሩ ያንቺ ነው፤ በአንቺው ይግባ። በእኛ መካከል የምን ስም ነው?»

እስከዳር ደነገጠች። ዝም ብትል ሁሉም የእሷ ሊሆን ነው፤ ለአፍታ ክፉ ሐሳብ ሽው አለባት። ወዲያው ከወንበሩ ተነሥታ ረፊቃን አስቀመጠቻት።

«ስምሽን ጻፊ።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«አንቺንስ አምንሻለሁ» አለች እስከዳር፤ «ራሴን ነው የፈራሁት።»