ውሃው ያልጎደለ ማንቆርቆሪያ

የሱለይማንን ሬሳ የወርቅ ማጠቢያው ዝቃጭ ከሚጠራቀምበት ኩሬ ሲያወጡት፣ ከፀጉሩ እስከ እግሩ ግራጫ ጭቃ ለብሶ ነበር። ሚስቱ ዐዋጢፍ በልብሷ ጫፍ ፊቱን ልትጠርግ ሞከረች፤ ጭቃው እየተለጠፈ አስቸገራት።

«በምን ውሃ ልጠበው?» ብላ ጮኸች። «ወንዙ ደርቋል! ባሌን በምን አጥቤ ልቅበረው?»

ከአሶሳ የተጠራው መርማሪ ሃምሳ አለቃ ምንያህል አማተበና እስክትጨርስ አዳመጣት። ሱለይማን በቅርቡ የተቋቋመው ክልል የውሃ ተቆጣጣሪ ነበር። ወርቅ አጣቢው ድርጅት ወንዙን ጠልፎ ሲጨርሰው አይቶ፣ ጭቃው ኩሬው ውስጥ እንዲዘቅጥ፣ የጠራው ውሃም ተመልሶ ወርቁን እንዲያጥብ አዘዘ። የሚሰማው ሲያጣ፣ ትናንት ከወንዙ የሚመጣውን ቧንቧ በእጁ ዘጋው።

ከሟቹ ሌላ ሥፍራው ላይ ያደሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ደባልቄ፣ የፓምፕ ሠራተኛው ኦልጅራና ዘበኛው ማህጁብ።

«ምኑ ያጠራጥራል?» አለ ደባልቄ። «ለሶላት ሊታጠብ ወርዶ አዳልጦት ነው። ጫማውና ማንቆርቆሪያው ያውና ዳር ላይ!»

«ቧንቧውን በመዝጋቱ ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ታዲያ ጭቃ እስኪዘቅጥ ሥራ ፈትቼ ልቀመጥ? ትናንት የተወለደ ክልል እኔን ሊያዘኝ!»

ምንያህል ጎንበስ ብሎ ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ከበደው። እስከ አፉ ንጹሕ ውሃ ሞልቶታል። ሬሳውንም ገልበጥ አድርጎ አየ፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል። ኩሬው ዳር ግን ከጭቃ በቀር አንድ ድንጋይ የለም።

«ማህጁብ፣ ሱለይማን ለሶላት በምን ነበር የሚታጠበው?»

«በዚህ ማንቆርቆሪያ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ማታ እኔ ሞላሁ፣ ደጃፉ አስቀመጥኩ። ውዱ በዚህ ጭቃ? ወላሂ፣ አህያ አይታጠብም!»

«ኦልጅራ፣ ዛሬ ቧንቧውን ማን ከፈተው?»

«ጠዋት ክፍት ሆኖ አገኘሁት፣ ጋሼ። መክፈቻውን ብረት ትናንት ሱለይማን ነቅሎ ወስዶታል። ለኔም አልሰጥም አለኝ፤ እንደ ዱላ ይዞት ሲዞር ነው የዋለው።»

«ሲታጠብስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«በየቀኑ ውሃ የማፈስለት እኔ አይደለሁ እንዴ!»

ምንያህል ሁሉንም ኩሬው ዳር ሰበሰባቸው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«ንጹሕ ውሃ በእጁ ያለ ሰው ለውዱ ጭቃ ውስጥ አይወርድም። እንግዲህ ማንቆርቆሪያውን እዚህ ያመጣው ገዳዩ ነው። ማህጁብ ቢሆን፣ በእጁ የሞላውን ሳይደፋ አይተወውም ነበር። ኦልጅራም ራሱ የሚያስታጥበው ሰው ነው፤ እንዲህ አይሳሳትም። ሱለይማን በምን እንደሚታጠብ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።» ወደ ደባልቄ ዞረ። «ወር ሙሉ አጠገብህ ሲኖር አንድ ቀን አላየኸውም፤ የወንዙንም መድረቅ እንዳላየኸው። ቧንቧውን የከፈተው ሰው ብረቱን የወሰደው ከሟቹ እጅ ነው። የመኪናህን ቁልፍ አምጣ!»

ብረቱ ከመኪናው ወንበር ሥር ተገኘ፤ ጫፉ ላይ ደምና ፀጉር ደርቆበታል።

«ሥራዬን አቁሞብኝ እኮ ነው!» አለ ደባልቄ።

«እሰሩት» አለ ምንያህል።

ኦልጅራ ቧንቧውን ሊዘጋበት ብረቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ይሄ ማስረጃ ነው» አለው ምንያህል። «አንተ ፓምፑን አጥፋው።»

ፓምፑ ቆመ። ወንዙ እያመነታ በደረቁ አሸዋ ላይ ወረደ። ዐዋጢፍ በቅል ቀድታ ባሏ አጠገብ ተንበረከከች፤ የመጀመሪያውን ውሃ ፊቱ ላይ አፈሰሰች።

«ለቁም ሰው ተከልክሎ» አለች፣ ደባልቄ ላይ አፍጥጣ፣ «ለሬሳ መጣ!»