ከማደንዘዣው በፊት

«ምንም አልቀመስኩም ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ዋሽቶህ ነዋ!»

«አልዋሸኝም ዲንሳ። እሱን ማን ይቆጥረዋል ብለህ ነው...»

ሚካል ከዚያ ወዲያ ያለውን አታስታውስም። ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አያቷ አባባ ገብረ መድኅን መካኒሳ ግቢያቸው ውስጥ ከወዳጃቸው ከዲንሳ ጋር ሲጫወቱ ነው የሰማችው።

አባባ በወጣትነታቸው፣ በሚሠሩበት የገጠር ሆስፒታል፣ ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ በጨርቅ ላይ እያንጠባጠቡ በሽተኛ በማስተኛት የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ማሽን የለ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ትንፋሽ ያዳምጣሉ። ምን ያህል እንደሚበቃ ለማወቅም መጀመሪያ ራሳቸው ላይ ሞክረውታል። አንድ ወጣት ግን እንደተኛ አስመለሰው፤ ትውከቱ ሳንባው ገብቶ ሳይነቃ ቀረ። ከዚያ በኋላ አባባ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው እንኳ፣ «ጠዋት ምን ዋጥክ?» ይሉ ነበር። ማንን እንደሚጠይቁ ቤተሰቡ ያውቃል።

ዛሬ ሚካል ቶንሲሏን ልታስወጣ ከእናቷ ከአምሳለ ጋር የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ሲስተር ኦብሴ ብቅ አለች።

«ሚካልዬ፣ ከማታ ጀምሮ የበላሽው፣ የጠጣሽው ነገር አለ?»

«ምንም!» አሉ እናትና ልጅ እኩል።

«ጎበዝ። ቀጥሎ አንቺ ነሽ።»

በሩ ሲዘጋ ሚካል ወደ እናቷ ዞረች። ከቤት ሲወጡ እናቷ ከአቦ ያመጣችውን፣ እምነት የተበጠበጠበትን ጸበል ሙሉ ኩባያ አጠጥታታለች። ጸበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ እነሱ ቤት እንደ መጠጥ የሚቆጥረው የለም።

«እማ... ጸበሉስ?»

«ጸበል ምን አደረገሽ? አሁን ደግሞ በጸበል መጣሽ!»

«ጸበሉን አይደለም። ያ አባባ ያስተኙት ልጅ ምን ነበር የጠጣው?»

አምሳለ ነጠላዋን አስተካከለች። «ዝም በይ። ይሄን ተራ ስንጠብቅ ስንት ወር እንደፈጀን ረሳሽው? ትመልሰናለች።»

«ትመልሰና! በናትሽ እማ፣ ሳንነግራት አልገባም።»

እናቷ ወደ በሩ ተመለከተች። ከበሩ ወዲያ የማሽን ድምፅ ይሰማል።

«አባባን አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ሚካልን ሳታይ። «ጸበል ነው። ያጠጣችው እናቱ ናት።»

በሩ ተከፈተ። «ሚካል!»

ሚካል ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። አምሳለ ክንዷን ያዘቻት፤ መልሳ ለቀቀቻት።

«እሺ» አለች፣ እየተነሳች። «እኔው እነግራታለሁ። አንቺ እዚሁ ቆዪኝ።»