የኮመጠጠው አፈር

እመኑኝም አትመኑኝም፣ ይህ የደረሰው በእኔው ቤተሰብ ላይ ነው። ጨለማ አልነበረም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፣ ፀሐይ ወጥታ... ጫካ ውስጥ።

ከአባባና ከታላቅ ወንድሜ ጋር የሄድነው የእማዬን አፅም ልናነሳ ነው።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የዚያ ጫካ ጠባቂ ነበር። እማዬ ስትሞት እዚያው፣ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ቀበራት። ሲያረጅ ከተማ እኛ ጋ ገባ። ሲሞት ከጎኗ እንድናሳርፈው ለመነን። ግን እዚያ ሳይሆን ከተማ፤ ጫካው ሞቷል አለን።

እውነቱን ነበር።

ዛፎቹ ከጫፋቸው ደርቀው ቆመዋል። ወፍ የለም። ቀንድ አውጣ የለም። የረገፈው ቅጠል አይበሰብስም... የስንት ዓመቱ ተደራርቦ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ያሰምጠናል።

ጅረቱ እንደ መስታወት ጠርቷል። ውስጡ ግን አንድም ነፍስ ያለው ነገር አይታይም።

ታላቅ ወንድሜ የአፈር ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። አብረን እየቆፈርን፣ አባባ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ከሸለቆው ማዶ ያለው የብረት ማቅለጫ ጭስ፣ ለአርባ ዓመት ከዝናቡ ጋር እየወረደ አፈሩን አኮምጥጦታል። ለዛፎቹ የሚበጀውን ኖራ አጥቦ ወስዶ፣ ሥሮቻቸውን የሚመርዘውን ነገር ለቆባቸዋል። ግንዱም እየተቆረጠ በመኪና ሲጫን የተረፈውን ኖራ ይዞት ሄዷል።

ከዚያ መቆፈሩን አቆመ።

"ምነው?"

"እንዲህ ያለ አፈር... አጥንትም ይበላል።"

አካፋዬ ጨርቅ ነካ።

የእማዬ ናይለን ሻሽ ነበር። ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ውስጡ ግን... ባዶ።

አፈሩን በእጃችን እያበጠርን ፈለግን። አንዲት ጥርስ እንኳ አላገኘንም።

አባባ አላለቀሰም። ሻሹን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው። እዚሁ ነው፣ በእጄ ነው የቀበርኳት እያለ ደጋገመ።

ጉድጓዱን መልሰን ደፈንነው። ወንድሜ አፈሩን ሊረግጥ እግሩን ሲያነሳ አባባ ክንዱን ያዘው።

"ቀስ በል... ተኝታለች።"

ሐዘኑ ነው ብዬ ልደግፈው ተጠጋሁ። ያኔ ነው ያየሁት።

ነፋስ አልነበረም። በዙሪያችን አንድም ቅጠል አልተነቃነቀም። የደፈንነው አፈር ግን...

ከፍ አለ።

ዝቅ አለ።

ደግሞ ቀስ ብሎ... ከፍ አለ።

ወንድሜ እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ።