የአባባ አሊዪ ሚሞሪ

«ጨርሻለሁ! እንደ አዲስ አድርጌልሻለሁ» አለች ሮሚ፣ ማስቲካዋን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው እያዞረች።

ዙሀይራ ሁለቱን ጄሪካን በሩ ሥር አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆመች። ሰፈሩ ውሃ ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጧት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ሱቅ፣ በመሃል የቦኖ ወረፋ። የጄሪካኑ እጀታ መዳፏ ላይ ቀይ መስመር አስምሮበታል።

«ምኑን ነው የጨረስሽው?»

«የሽማግሌውን ሚሞሪ ነዋ። ቫይረሱን አጽጂልኝ አላልሽኝም? ፎርማት አደረግሁት፣ በቃ።»

ዙሀይራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ሚሞሪውን ከፈተችው። አንድም ነገር የለም። ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ ያው ነው።

ሱቁ የሳዲቅ ነው። ሮቤ ከተማ ዋናው መንገድ ላይ ዘፈን ይጭናል፣ ስልክ ይጠግናል፣ መብራት ካልደረሰባቸው ቀበሌዎች የሚመጣውን ስልክ ሁሉ ቻርጅ ያደርጋል። ስልኮቹ የባለቤታቸው ስም በፕላስተር ተለጥፎባቸው መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ዙሀይራ አሥረኛ ክፍል ናት። ሳዲቅ ጥገና ሊያስተምራት ቃል ገብቶላታል፤ በምትኩ አንድ ነገር አስጠንቅቋታል፤ ከእሷ በቀር ማንም ኮምፒውተሩን እንዳይነካ። ሮሚ ግን የልብ ጓደኛዋ ናት፤ በየቀኑ ትመጣለች። ሰው ሲደክመው ደግሞ «እኔ ልሥራልሽ» ያለውን ሁሉ እሺ ይላል።

«ቫይረሱ ፋይሉን ደብቆት ነበር እንጂ አላጠፋውም» አለች ዙሀይራ በመጨረሻ። «የተደበቀውን የሚያወጣው ፕሮግራም ዴስክቶፑ ላይ አለ ብዬሽ ነበር።»

«አላየሁትማ! ፎርማትም እኮ ያጸዳል።»

«ያጸዳል። ሁሉንም ያጸዳል።»

ሚሞሪው የአባባ አሊዪ ነው። ማር ይዘው ከሪራ መንደር የመጡ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ሱቁን ስትከፍት፣ ስልካቸውን በመሀረብ ጠቅልለው አምጥተው፣ ጉዳያቸውን አንድ በአንድ ነግረዋታል። ሐረና ጫካ ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት፣ ቀፎ የሚሰቅሉበት አንድ ትልቅ ዛፍ አላቸው። ጎረቤታቸው ዲኖ ከሁለት ዓመት በፊት በዛፉ ተከራክሯቸው፣ በሽማግሌ ፊት «ዛፉ የአሊዪ ነው» ብሎ አምኖ ነበር። ያን ጊዜ የልጅ ልጃቸው ድምፁን በስልክ ቀድቶታል። አሁን ዲኖ ተመልሶ ካደ። ከሰሙት ሽማግሎች ሁለቱ ሞተዋል። ጁምዓ ከሶላት በኋላ አዲሶቹ ሽማግሎች ይቀመጣሉ።

«እነሱም ጆሯቸው ከብዷል» ብለዋት ነበር እየሳቁ። «ዲኖ ራሱ ለራሱ ሲመሰክር እንዲሰሙት፣ በትልቅ ስፒከር የሚጮህ አድርጊልኝ።»

እና አሁን ዲኖ ከሚሞሪው ጠፍቷል።

«አካም ኦልታኒ፣ እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ!» አባባ አሊዪ በሩ ላይ ቆመዋል። ኮታቸው ላይ አቧራ፣ እጃቸው ላይ ባዶ የማር ባልዲ። «ጮኸ?»

ዙሀይራ አፏን ስትከፍት ሮሚ ቀደመቻት።

«አባባ፣ ቫይረስ በልቶታል። ሁሉንም ነው የበላው።»

ሽማግሌው ባልዲውን አስቀመጡ። «ቫይረሱ ከየት መጣ? እኛ ዘንድ ጅብ እንጂ ቫይረስ የለም።»

«ከዘፈን ጋር ይመጣል። የልጅ ልጅዎ ከየቦታው ሲያስጭን።»

«ምንም አይተርፍም?»

«እማዬ ትሙት፣ ምንም የለም» አለች ሮሚ።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደ ማገድ ወደ እሷ ዘረጉ። «ተዪ፣ ተዪ ልጄ! በእናትሽ አትማዪ። አምኜሻለሁ እኮ፤ ለስልክ ተብሎ እናት ትጠራለች?»

ሮሚ አቀረቀረች። ዙሀይራም ዝም አለች። ዝም ማለቷን ራሷም ሰማችው።

«እንግዲህ ጁምዓ ማል ይሉኛል» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ማስረጃ የሌለው ይምላል። አባቴ እውነት ይዞም አልማለም፣ እኔም ስልሳ ዓመት አልማልሁም። መሐላ ዘር ይከተላል። ከምምል ዛፉ ይቅር፤ ዲኖ ይብላው።» ከዚያ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፤ ደክማችኋል። አላህ ያሳድጋችሁ። ባዶውን ከምወስደው ለልጁ ዘፈን ጫኑበት፤ ዐስር ሰግጄ እመለሳለሁ። ዛሬ ጎባ ልጄ ዘንድ ነው የማድረው።»

ምርቃቱን ጥለውላቸው ሄዱ።

ሮሚ ተነፈሰች። «ኡፍ! ቆንጆ ቆንጆውን እንጫንላቸው። አራት ጊጋውን ሙሉ፣ በነጻ!» አለችና የዘፈኑን ፎልደር ኮፒ አድርጋ ሚሞሪው ላይ ልታወርደው ማውሱን ያዘች።

ዙሀይራ ሚሞሪውን ከነካርድ ሪደሩ ነቀለችው።

«ምን ሆነሻል?»

«የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ጋሽ ሳዲቅ ነግሮኛል። ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል እንጂ ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ። አዲስ ዕቃ ከጫንሽበት ነው የሚጠፋው። የሚመልስ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ አለው።»

«ላፕቶፑ ከእሱ ጋር ጎባ ነው ያለው።»

«እደውልለታለሁ።»

ሮሚ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «አብደሻል? ማን ነካው ሲልሽስ? ያባርርሻል እኮ! እኔንም ሁለተኛ እዚህ አያስደርሰኝም። ቤታችን እንደማይጠና ታውቂያለሽ፤ የማትሪክ ጥያቄዎቹን የማነበው እዚህ ነው።» ድምጿ ቀጠነ። «ዙሁ፣ ሰውዬው እኮ ተቀብለውታል። ተቆጡ? አልተቆጡም። ዝም ብትዪ አለቀ።»

ይህ ነው የከበደው። ቢቆጡ ኖሮ ይቀል ነበር።

ዙሀይራ ደወለች። ሮሚ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ሄሎ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» አለ ሳዲቅ። ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህን ነው።

«አልጠፋም። ጋሽ ሳዲቅ፣ የሰው ሚሞሪ ፎርማት ተደርጓል። ሱቁን ትቼ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከሳዲቅ በስተጀርባ የሚኒባስ ረዳት «ሮቤ! ሮቤ!» ይላል። «ሮሚ ናት አይደል?» አለ ሳዲቅ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ዙሀይራ እንደገና።

«እሺ፣ ያንቺን ጉዳይ ስመጣ እናወራለን። የተጫነበት ነገር አለ?»

«የለም። ነቅዬዋለሁ።»

«እሱ ደግ አደረግሽ። ማታ እሞክረዋለሁ፤ ግማሹ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል። ለሰውዬው ምን ተባለ?»

«ቫይረስ ነው ተባሉ።»

«በጣም ጥሩ። እንደዚያው ይቆይ። ከተመለሰ፣ ከቫይረስ አፍ አወጣነው እንላለን፤ ካልተመለሰ ቫይረስ በላው። የሱቅ ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ለዚያ ፕሮግራም የለኝም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች ዙሀይራ። ስልኩ ተዘጋ።

ሮሚ ፊቷ በራ። «አየሽ! እሱም እንደኔ ነው ያለው። በቃ ተገላገልን።»

ዙሀይራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የምትፈራውን ሁሉ ተናግራ፣ ተነግሯት፣ አሁንም ያው ቦታ ላይ ናት። ደግሞ ትክክል ይመስላል፤ ሳዲቅ ትልቅ ሰው ነው፤ ፕሮግራሙም የእሱ ነው። አንድ ሌሊት ዝም ቢባል ምን አለበት? ድምፁ ከተመለሰ ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል። ካልተመለሰ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን «ዘፈንህ ዛፌን በላ» ይሉታል፤ ልጁም ያምናል። ዲኖም ዛፉን ይወስዳል። ጁምዓም ያልፋል።

ከመስጊዱ በኩል የዐስር አዛን መውጣት ጀመረ። ሮሚ ስለ ነገው የሂሳብ ፈተና ታወራለች፤ ዙሀይራ አልሰማቻትም። አዛኑ አለቀ። መንገዱ ጭር አለ። ሰው ሰግዶ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቃለች።

ተነስታ ሚሞሪውን ከሪደሩ አወጣች። ጥፍር የምታክል ናት። በወረቀት ጠቅልላ «አባባ አሊዪ፤ ምንም እንዳይጫንበት» ብላ ጻፈችበትና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችው።

«ወዴት ነው?» አለች ሮሚ።

«መስጊዱ በር ድረስ።»

«ዙሁ! ጋሽ ሳዲቅ እኮ እንደዚያው ይቆይ ብሏል!»

«ሰምቻለሁ» አለች ዙሀይራ። «ስምሽን አልጠራም። በሩን ጠብቂልኝ፤ ኮምፒውተሩን ግን አትንኪ።»

ሮሚ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ዙሀይራ መንገዱን ተሻገረች። የሲናና ስንዴ የጫነ አይሱዙ እስኪያልፍ ቆመች፤ አቧራው እስኪበርድም ቆመች። ሰዎቹ መውጣት ጀምረዋል። አባባ አሊዪ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ከዚያ ሁሉ ጫማ መሃል የራሳቸውን ይፈልጋሉ። አዩዋት።

«ጨረሳችሁ? ፈጣኖች ናችሁ እኮ!»

«አልጫንንበትም፣ አባባ» አለች። ጫማቸውን አግኝታ እግራቸው ሥር አስጠጋችላቸው። «የምነግርዎ ነገር አለ። ጫማዎን ያጥልቁና አንድ ጊዜ እዚህ ድንጋዩ ላይ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።