የፋንታነሽ ሆድ

ፋንታነሽ አውቶቡሱን ያስቆመችው ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነው። ጊዜው የ1999 ዓ.ም. መስከረም፣ ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ሮብ ገበያ አዲስ የተመደበች አስተማሪ ናት። ሆዷ ከመናኸሪያው ጀምሮ ሲቆርጣት ቆይቶ እዚያ ላይ አላስችል አላት።

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንዱ ምን በልታ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ወርዳ ከቁጥቋጦው ኋላ ስትሰወር ረዳቱ ሹፌሩን ንዳው አለው። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ወጣት ተነሣና አንድ እግሩን መሬት፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ በሩን ያዘ።

«እግሬን ቆርጠህ ሂድ» አለው ረዳቱን።

ስትመለስ አንገቷን አልደፋችም። አየችው፤ አያት። ምን ሆንሽ አላላትም። ቦታውን ለቀቀላትና ሮብ ገበያ ድረስ ቆሞ ሄደ። ብዙ ሰው አዝኖላት ያውቃል፤ ዝም ያለላት ግን እሱ ብቻ ነው።

ስሙ አንለይ ነው። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ሲሆን የእናቱ የወይዘሮ ወለተ ሰንበት ቤት ከከተማው ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው መሄድ ለመዱ። እሱ ስለ ድንች ዘር ያወራታል፤ እሷ ቀስ በቀስ ስለ ሆዷ አወራችው።

አማኑኤል ከተማ እናቷ ቤት ሳለች፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው የጀመራት። እናቷ ኮሶ ነው ብለው ኮሶ አጠጧት። ጠበል ወሰዷት። ክሊኒክ ሄደች፤ አሜባ ነው አሏት። በወሩ ታይፎይድ፣ ቀጥሎ ጃርዲያ። ኪኒኑን ሁሉ ዋጠች። አንድ ሰሞን ያስቀምጣታል፣ አንድ ሰሞን ይደርቅባታል፤ ነፋቱና ቁርጠቱ ግን አይቀርም። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ሳለች አንድ ትዕግሥተኛ ሐኪም አገኘች። ደሟን፣ ሰገራዋን፣ ሆዷን ሁሉ መርምሮ ቁስልም ትልም እንደሌለባት ነገራት። ቶሎ የሚቆጣ አንጀት ነው፤ አይገድልም፣ ወደ ክፉ በሽታም አይለወጥም፤ ግን ጭንቀት ይሰማል፣ ምግብም ይመርጣል አላት። ደብተር ግዢ፤ የበላሽውንና የተሰማሽን በየቀኑ ጻፊ ብሎ ሰደዳት። በሁለት ወር ደብተሩ ነገራት። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ የገብስ እንጀራ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ጠላቶቿ ናቸው። የጤፍ እንጀራ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ ወዳጆቿ።

«ታዲያ አይድንም?» አላት አንለይ።

«ላይድን ይችላል። ግን ይገራል፤ እንደ ወይፈን።»

«ወይፈን መግራት እችላለሁ።»

«የምገራው እኔ ነኝ። አንተ ከጎን ሂድ።»

ከጎኗ ሄደ። በጥር ሽማግሌ ወደ አማኑኤል ላከ። ተፈቀደለትና ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ሁዳዴ ገባ። በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የልጃቸውን እጮኛ ቤታቸው ጠሯት። የቀረበው የገብስ እንጀራ ነው፤ በላዩ የባቄላ ሽሮና ምስር። ፋንታነሽ ሦስቱንም ታውቃቸዋለች። ነገር ግን የባል እናት ቤት ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ወይዘሮዋ በሞቴ አሏት። በላች። ጨምሪ አሏት፤ ጨመረች።

ከሰዓት በኋላ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። መቀነቷን ስታላላ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አርሴማ አየቻት።

የሮብ ዕለት ወሬው ገበያውን ሞላው። ሠርጉ ሳይደርስ ሆዷ ደረሰ ይባባሉ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ልጃቸውን ጠርተው ነገሩን ቆረጡት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር፣ እርጉዝ አይደለችም የሚል ወረቀት ታምጣ፤ አለዚያ ሠርግ የለም።

አንለይ ሐሙስ ማታ በሯ ላይ መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የእናቱን ቃል ነገራት።

«አንተ ታምነኛለህ?» አለችው።

«አምንሻለሁ።»

«ታዲያ ወረቀቱ ለማን ነው?»

«ለእናቴ። የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ፋንታነሽ። ታዪና ይለቅ።»

እጇን የበሩ መቃን ላይ አደረገች።

«ዛሬ ለሆዴ ወረቀት ካመጣሁ፣ ነገ ልጅ ሲዘገይ ሌላ ወረቀት አምጪ እባላለሁ። አላመጣም። ካላገባኸኝ አታግባኝ።»

በሩን ዘጋችው።

ሳምንቱን ሆዷ አሠቃያት። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ከየት እንደመጣ ስለምታውቅ ግን ኪኒን ፍለጋ አልሮጠችም። ጠዋት ጠዋት በእግሯ ሄደች፣ በጊዜ ተኛች፣ ጥቂት ጥቂት በላች። ደብተሯ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «ምግብ፦ ድንች። ሕመም፦ አንለይ።»

በተከታዩ ሳምንት እሑድ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሳትጠራ፣ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ቤት ገባች። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ተቀምጠዋል። አርሴማም አለች፣ አንለይም። ወይዘሮዋ ቢቆጡም ቤታቸው የገባን ሰው ጦሙን አይሰዱም። ያንኑ ሽሮ አቀረቡና እንደ ወጉ በሞቴ አሉ።

«እትዬ ወለተ ሰንበት፣ ሞትዎን አልፈልግም» አለች ፋንታነሽ። «ባቄላውንም አልፈልግም።»

እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቁርጠቱን፣ ነፋቱን፣ መድረቁን፣ ማስቀመጡን፤ ሽሮው ምን እንደሚያደርጋት፣ ያን ቀን ለምን እንደበላች። ፈርቼ ነው፣ ሁለተኛ ግን አልፈራም አለች። አርሴማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባ ወልደ ሩፋኤል ጢማቸውን አሻሹና ብዙ መጽሐፍ ማንበባቸውን፣ ባቄላ ብሉ የሚል ጾም ግን አለማየታቸውን ተናገሩ።

«መልካም» አሉ ወይዘሮዋ። «ወረቀቱንስ?»

«አላመጣም።»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፋንታነሽ ወደ እሱ አልዞረችም፤ ግድግዳውን ታያለች። እጆቿ ግን ነጠላዋን አጥብቀው ይዘው ነበር።

አንለይ ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔም ጠይቄያት ነበር፤ አጠፋሁ» አለ። «አታመጣም። አንቺ ቁጠሪ፣ እማዬ። ዘጠኙንም ወር ቁጠሪ። ግን እኛ ቤት እየመጣሽ ነው የምትቆጥሪው።»

ወይዘሮዋ ተነሡ። ገበታውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፣ አልወጡም። አንለይ እስከ ቤቷ ሸኛት። በሯ ላይ ሲደርሱ እጇን ያዘ፤ አላስለቀቀችውም።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። የሙሽራው እናት ይመጡ እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። አርፍደው መጡና ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጡ።

ዳሱ ሲሞላ ሴቶቹ ሙሽራዋን ሊያጎርሱ ተሰለፉ። አርሴማ ቀደመች። ቀይ ወጥ የሚንጠባጠብበት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ በሞቴ አለች። ፋንታነሽ በእጇ መለሰችው። አርሴማ ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሙሽራ ጉርሻ አይመልስም እያለች ገፋች።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ተነሡ። ዘንጋቸውን ተደግፈው ዳሱን አቋርጠው መጡ።

«ተያት» አሉ። «ይቺ ልጅ በገዛ ቤቴ፣ ፊቴ ላይ እምቢ ብላኛለች። ፊት ለፊት እምቢ የምትል ከኋላ አትዋሽም። እኔ ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ የቀራችሁ ካላችሁ ቤታችሁ ሄዳችሁ ቁጠሩ።»

የአርሴማ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። አንለይ ጎንበስ ብሎ በሙሽራዋ ፋንታ አፉን ከፈተላት።