የሩጫ ጫማው ዱካ

አሰልጣኙ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ማለዳ፣ ከስታዲየሙ የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ነው። አንገቱ ተሰብሯል፤ ፊሽካው ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ከደረጃው ግርጌ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል በሚወስደው መንገድ፣ የማታው ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ፣ ስድስት የጫማ ዱካዎች ተደርድረዋል። ዱካውን ያየ የክለቡ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ያለ ሶል ያለው ጫማ የምታደርገው በክለቡ ውስጥ አንዲት ሯጭ ብቻ ናት፤ ፌንጣ።

ፌንጣ የወጣላት ቅጽል ነው። በልጅነቷ መራመድ ትታ መዝለል ስለምትወድ ጎረቤት ሰየማት፤ ሃያ ዓመት ሲሞላትም ስሙ አልለቀቃትም። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ያን እንደ ላባ የቀለለ የውድድር ጫማ የገዛችላትም እሷ ነች፤ አራት ወር ሙሉ የሰው ተራ ጭምር እየሠራች። ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ ነፍሷ ወጥታ ገባች።

«ልጅዎ ትናንት ማታ የት ነበረች?» አላት ወጣቱ ፖሊስ፣ እሷንና ልጇን ስታዲየም ካደረሳቸው በኋላ።

«ከኔ ጋር። ከቤት አልወጣችም። እኔም አልወጣሁም።»

ፖሊሱ ጻፈ፣ አነበበላት፣ እስክሪብቶውን ሰጣት። እስከ ዓምና የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። በጎልማሶች ትምህርት ቤት ስሟን መጻፍ ከተማረች ወዲህ በመንግሥት ወረቀት ላይ ስትፈርም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ወጡላት። የፈረመችበት ቃል ግን ውሸት ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ፌንጣ እያለቀሰች ገባች። አሰልጣኙ ጫማውን ቀምቷት፣ የእሑዱን ውድድር በአሮጌው ትሮጫለሽ ብሏት ነበር። እናት አላስቻላትም፤ ሻርፗን ደርባ ወደ ጫማ ሻጩ ሱቅ ገሰገሰች። ስትመለስ ልጇ ቤት የለችም። ፌንጣ የመጣችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ከራሷ እስከ እግሯ በስብሳ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አልጋዋ ውስጥ ገባች። እናትም አልጠየቀቻትም።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አጭር፣ ደንደን ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። ሬሳውን መረመረች፤ ከዚያ ተንበርክካ ዱካዎቹን አንድ በአንድ ለካች። ከዱካዎቹ ጎን ለጎን እስከ በሩ ከሚሄደው የሲሚንቶ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቁም ለካች። ለምን እንደሆነ ማንም አልገባውም።

«ጫማው የታለ?»

«ከልጅቷ ቁም ሣጥን ነው ያገኘነው» አለ ፖሊሱ። «ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ሶሉ ጭቃ ነክቶታል።»

«እኔ አላስገባሁትም!» አለች ፌንጣ። «ጫማው አሰልጣኙ ቢሮ ነው የቀረው። እኔ ጋ ያለው ባዶ ካርቶን ነው!»

«ቢሮው ክፍት ነበር፤ ገብተሽ ልትወስጂው ትችያለሽ» አላት ፖሊሱ።

«ቁም ሣጥኗ ይቆለፋል?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀች።

«ቁልፉ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል።»

«እንግዲያው ማንም ሊያስገባው ይችላል ማለት ነው።» ካርቶኑን ከፈተች፣ ትክ ብላ አየችው፣ ምንም ሳትነካ መልሳ ከደነችው።

ምርመራው በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ተጀመረ። የክፍሉ በር ማጠፊያው ስለተጣመመ አይዘጋም፤ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናት ሁሉንም ትሰማለች፣ በክፍተቱም ታያለች።

መጀመሪያ የገባው ምክትል አሰልጣኙ ነው።

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ሥራ ላይ ማን ከማን ይስማማል? ነፍሱን ይማርና ግትር ነበር። ትናንት ከልጅቷ ጋር ሲጨቃጨቁ ሁላችንም ሰምተናል። ‹ጫማ አይሮጥም፣ የሚሮጠው እግር ነው› አላት። እሷም ‹ይቆጭዎታል!› ብላው ወጣች።»

«አንተስ ስለ ጫማው ምን ትላለህ?»

«ጥሩ ነገር ነው። ሶሉ ውስጥ ስፖንጅ አለው፣ በስፖንጁ መሐል ጠንካራ ስስ ሳንቃ ገብቷል፤ ስትረግጪው መልሶ ያስፈነጥርሻል። ለታዋቂ ሯጭ ጥቂት ሰከንድም ወርቅ ነው። ለጀማሪ ግን… ልምምድና እንቅልፍ የጎደለው ሰው ጫማ ቢቀይር ምን ይረባዋል?»

«አሰልጣኙ ሲሞት ቦታው ለማን ይሆናል?»

«ለኔ። እንዲህ ከሆነ አጠያየቅሽ፣ እኔም ራሴን መጠርጠር ልጀምር ነው።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። ጠረጴዛው ላይ ወደነበረ ሌላ ጥንድ የስፖርት ጫማ ጠቆመች። «እጄ ጭቃ ነው። እስቲ ይህን ካርቶን ውስጥ ክተትልኝ።»

ምክትሉ ሁለቱን ጫማ በአንድ እጁ አፍሶ ወረወራቸውና ወጣ።

ቀጥሎ የክለቡ ወጌሻ ገባ። የሯጭ እግር ሲያሽ የሸበተ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሽማግሌ ነው።

«የቢሮው ቁልፍ እርስዎም ጋ አለ ይባላል።»

«አለ። ግን ልጄ፣ እኔ ሰው እጠግናለሁ እንጂ አልሰብርም። አሰልጣኙ ልጅቷን የከለከላት ጠልቷት እንዳይመስልሽ። ባለፈው ወር አንዲት ሯጭ ከዚያው ሱቅ የገዛችውን ጫማ አድርጋ የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀ፤ ክለቡንም ተወች። አሰልጣኙ ጫማዋን በቢላ ለሁለት ሰነጠቀው። ያ ጠንካራ ነው የተባለው ሳንቃ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ፤ ተሰባብሮ እንደ ቢላ ቆሟል። ማስመሰያ ነው! እሑድ ሁሉም ክለቦች ሲሰበሰቡ አሳያቸዋለሁ ብሎ ነበር።»

«ለፌንጣ ለምን አልነገራትም?»

«የሷንም ጫማ ፈትሾ ሳያረጋግጥ እናቷን ማሳዘን አልፈለገም።»

«የተሰነጠቀው ጫማ አሁን የት ነው?»

«ትናንት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዛሬ የለም።»

ሽማግሌውም ጫማ ክተቱልኝ ተባለ። እንደ ሕፃን እግር ተጠንቅቆ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ አንድ ወገን አድርጎ አስተኛቸው።

ሦስተኛው ጫማ ሻጩ ነው፤ ከተማው «ሶል» እያለ ይጠራዋል። የመጣው ሳይጠራ ነው፤ ሐዘን ለመድረስ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ምላሱ የተሳለ ሰው ነው።

«አሰልጣኙን መቼ ነው ያዩት?»

«ሳምንት አልፎኛል።»

«ከፌንጣ ጋር በጫማ ምክንያት መጣላቱን፣ ጫማውንም ቢሮው ማስቀረቱን ሰምተዋል?»

«ተጣልተው ነበር እንዴ? እኔ አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው!»

አግዳሚው ላይ እናት ቀና አለች። ትናንት የሱቁ ባንኮኒ ፊት ቆማ የነገረችው እሷ አይደለችም? «አሰልጣኙ ተጣላት፣ ጫማውን ቀምቶ ቢሮው አስቀመጠው፣ እመረምረዋለሁ አለ፤ ጫማው ችግር አለበት እንዴ ወንድሜ?» ብላ አንድ ሳታስቀር ዘክዝካለታለች። እሱም ሲሰማ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። አሁን ተነስታ «ውሸታም!» ብትለው፣ ከቤት አልወጣሁም ብላ የፈረመችው ወረቀት ይቀደዳል። ወረቀቱ ሲቀደድ ልጇ የት እንደነበረች የሚመሰክር ሰው አይኖርም። ደግሞስ… ልጇ የት ነበረች?

መርማሪዋ ለሻጩም ጫማውን አቀበለችው። እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ጋዜጣ ጨምድዶ አፍንጫቸው ውስጥ ወተፈ፣ ማሰሪያዎቹን ወደ ውስጥ ከተተ፣ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጫፍ ጋር አገናኝቶ አጋደማቸው፣ ክዳኑን ገጥሞ ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

በመጨረሻ እናት ተጠራች።

«ልጅዎ ያን ጫማ እንዴት ነው የምታስቀምጠው?»

«ካርቶን አታስገባውም። ላቡ እንዲደርቅ በማሰሪያው ታንጠለጥለዋለች።»

«ትናንት ማታ ከቤት አልወጣችም ብለዋል።»

«አልወጣችም።»

መርማሪዋ የእናትን እጆች አየች። የሻርፗን ጫፍ እንደ እርጥብ ልብስ እየጨመቁት ነበር።

«እናቴ» አለቻት ቀስ ብላ፤ «ውሸት ልጅዎን አይሸፍናትም። የሚሸፍነው የኔን ዓይን ነው። ያስቡበት።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ፤ ምክትሉ፣ ወጌሻው፣ ሶል፣ ፌንጣ፣ እናት። መርማሪዋ ጫማውን ለፌንጣ ሰጠቻት።

«አድርጊውና እዚህ ጭቃ ላይ ተራመጂ። ስትጨርሺ ሩጪ።»

ፌንጣ ተራመደች፣ ሮጠች። መርማሪዋ አጎንብሳ ጠቆመች።

«እዩ። የዚህ ጫማ ሶል እንደ ጀልባ ጎባጣ ነው። ሰው ሲራመድበት መጀመሪያ ተረከዙ፣ ቀጥሎ ጫፉ መሬቱን ይወጋል። ሲሮጥበት ጫፉ ይጠልቃል። የማታዎቹ ስድስት ዱካዎች ግን ሆዳቸው ብቻ ነው የጠለቀው፤ ተረከዝም ጫፍም የላቸውም። በእነዚህ ዱካዎች ላይ እግር አልነበረም። ጫማው በእጅ ተይዞ ጭቃው ላይ ታትሟል። ስድስቱም ከሲሚንቶው ጠርዝ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ላይ ናቸው። አታሚው ጠርዙ ላይ ሆኖ እያጎነበሰ ነው የሄደው፤ የራሱን ዱካ እንዳይተው።»

ምክትሉ «ወይ ጉድ!» አለ።

«ያ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ጫማውን ፌንጣ ቁም ሣጥን፣ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። እንዴት አድርጎ ከተተው?» ጫማውን ከፌንጣ ተቀብላ፣ ሁሉም እያዩ ካርቶኑ ውስጥ አሸገችው። «ያገኘሁት እንዲህ ሆኖ ነው። አፍንጫው ጋዜጣ ተወትፎበታል። ማሰሪያው ወደ ውስጥ ገብቷል። ተረከዝ ከጫፍ ተጋድሟል። ባለቤቷ ካርቶን አትጠቀምም። አንተ ወረወርክ። እርስዎ ጎን ለጎን አስተኙ። እንዲህ አድርጎ ያሸገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ጫማ የሸጠ እጅ ሲደነግጥም ሥራውን አይረሳም። አመል ያወጣል ከመሐል።»

ሁሉም ወደ ሶል ዞሩ። ሻጩ ሳቀ።

«በካርቶን ሰው ይታሰራል? በዓለም ላይ ያለ ጫማ ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሽግ! ጸባቸውን አልሰማሁ፣ ጫማው ቢሮ መቅረቱን አላወቅኩ። በምን አውቄ ነው ልጅቷ ላይ የማላክከው?»

«ልክ ነህ» አለች መርማሪዋ። «የጎደለኝ እሱ ነው። ማን እንደነገረህ።» ማንንም አላየችም።

እናት ልጇን አየች። ተነሳች።

«እኔ ነኝ የነገርኩህ» አለች። «ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባንኮኒህ ፊት ቆሜ። ጸቡንም፣ ቢሮውንም፣ ሁሉንም። እኔ ከቤት ወጥቼ ነበር! የፈረምኩት ውሸት ነው። ስመለስ ልጄ ቤት አልነበረችም። የት እንደነበረች አላውቅም። እሰሩኝ ካላችሁ እሰሩኝ፤ ይህ ሰው ግን ይዋሻል!»

ፌንጣ አፏን ያዘች። ፖሊሱ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ተዋት» አለች መርማሪዋ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

«እየሮጥኩ ነበር» አለች ፌንጣ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «በአሮጌው ጫማ፣ በዝናብ፣ እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው ደርሼ ተመለስኩ። እውነቱን ልወቅ ብዬ። በአዲሱ ከምሮጠው የዘገየሁት ዐሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ዐሥር ኪሎሜትር ሙሉ፣ ዐሥራ አንድ ሰከንድ! ጠዋት የምመጣው ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።»

«የማጠራቀሚያው ዘበኛ አይቷታል» አለች መርማሪዋ። «ጠዋት ለብቻዋ ስጠይቃት ነግራኝ፣ ልኬ አስጠይቄያለሁ።» ወደ ሶል ዞረች። «ሱቅህም እየተፈተሸ ነው። የተሰነጠቀው ጫማ አሁን የሚወጣው ከመጋዘንህ ነው ወይስ ከቆሻሻ መጣያህ?»

የሻጩ የተተኮሰ ሸሚዝ ብብቱ ላይ ረጥቦ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ለመንኩት» አለ። «የቀረውን ለአስመጪው እመልሳለሁ፣ ብቻ እሑድ አታዋርደኝ አልኩት። የተሰነጠቀውን ጫማ ይዞ ደረጃውን እየወጣ፣ ‹የልጅ እግር ሸጠህ በላህ› አለኝ። ልነጥቀው ስል… ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም።»

«መግፋቱን ቁጣ ነው እንበልልህ» አለች መርማሪዋ። «ጭቃ ላይ ስድስት ጊዜ ስታጎነብስ ግን በርዶልህ ነበር።»

ይዘውት ሄዱ። ወጌሻው ዓይኑን እየጠረገ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ምክትሉ ተከተለው። እናትና ልጅ ደረጃው ሥር ብቻቸውን ቀሩ።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ከቤት አልወጣችም ብለሽ የፈረምሽው… እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነው?»

እናት መሸሻ አላጣችም። «ፈርቼ ነው» ብትል ግማሹ እውነት ይሆን ነበር።

«አዎ» አለች። «ዛሬ ጠዋት መስሎኝ ነበር።»

ፌንጣ ቦርሳዋን አንስታ በሩን ወጣች፤ እናት ከኋላ ተከተለቻት። አስፋልቱን ይዘው ሲሄዱ ልጅቷ አንዴም ዞር ብላ አላየች። ብትፈልግ ሰፈሩን ሁሉ ጥላ መሰወር የምትችል ልጅ ናት። ዳገቱ ላይ እናት ትንፋሽ አጥሯት ስትቆም ግን፣ ሦስት እርምጃ ከፊት የፌንጣም እግር ቆመ። እናት መራመድ ስትጀምር እሷም ጀመረች።